ማንም በማያየን ገበታ

ሰው ነፃ ወጣ የሚባለው ከልካይ ያጣ ዕለት ነው ወይስ ራሱን መከልከል የቻለ ዕለት? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ኮሌጅ የገባ ወጣት ገበታ ፊት በቆመ ቁጥር ይጠየቀዋል፤ በአፉ ባይመልሰው እንኳ በእጁ ይመልሰዋል።

በአሜሪካ የሚማሩትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን እንመልከት። በዚያ አገር በብዙ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በግቢው ማደሪያ ይኖራል፤ የምግቡንም ሒሳብ አስቀድሞ ይከፍላል። ወደ ምግብ አዳራሹ አንዴ ከገባ ፒዛውንም፣ የተጠበሰውን ድንችም፣ አይስክሬሙንም እስኪበቃው ድረስ ያነሣል። «ይበቃሃል» የሚል አባት ወይም «ቁርስሽን ሳትበዪ እንዳትወጪ» የምትል እናት በአጠገቡ የለም።

አሜሪካውያን ስለዚህ ጊዜ «ፍሬሽማን ፊፍቲን» የሚሉት አባባል አላቸው። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 15 ፓውንድ፣ ይኸውም 7 ኪሎ ያህል ይጨምራል ማለታቸው ነው። አባባሉ እ.ኤ.አ. በ1989 «ሰቨንቲን» በተባለው የወጣት ሴቶች መጽሔት ከወጣ በኋላ በሰፊው ተሠራጨ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በብዙ ሺህ አሜሪካውያን ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። በመጀመሪያው ዓመት የሚጨምረው ክብደት በአማካይ ከ2.5 እስከ 3.5 ፓውንድ ብቻ ነበር። 15 ፓውንድ የጨመሩት ከመቶ ከ10 አይበልጡም፤ እንዲያውም ከአራቱ አንዱ ያህል ቀንሶ ነበር። ክብደቱ ግን ከዚያም በኋላ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ መጨመሩን አልተወም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፍርሃቱ ከነገሩ ይበልጣል። ፍርሃት ደግሞ ክፉ መካሪ ነው፤ ብዙ ወጣት ሴቶችን፣ ወንዶችንም ጭምር፣ ምግብ እስከ መዝለልና የበሉትን እስከ ማስመለስ አድርሷል። ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪምና የቅርብ ሰው እንጂ ተግሣጽ አያድነውም። ሁለተኛ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ የሚያሠጋው የአንድ ዓመት ውፍረት ሳይሆን በዚያ ዓመት የሚተከለው ልማድ ነው።

ልማዱ እንዴት ይተከላል? በቤታችን ሰው በመሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ በሰዓቱ፣ እየተጨዋወተ ይበላል። በማደሪያው ግን ተማሪው ሌሊት በመጽሐፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ብቻውን ይቆረጥማል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ይበልጥ ይራባል። በአሜሪካ አንድ ቆርቆሮ ኮላ 39 ግራም ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ተጨማሪ ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም እንዲያንስ ይመክራል።

አንዳንዱ «እኔ ጿሚ ስለሆንሁ አያሠጋኝም» ይላል። በዘይት የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ መጠጥም እኮ የጾም ነው! ሌላው ደግሞ ጾሙን መክሻ ያደርገዋል። ጾም ሰው ከራሱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ አምላኩና ወደ ተራበው ወንድሙ እንዲያይ የሚረዳ ነበር። ለመስተዋት ሲባል የተጾመ ጾም ግን ዓይንን መልሶ በራስ ላይ ይተክላል። እንዲህ ያለው ሰው ሆዱን ቢገዛም ለመልኩ ተገዝቷል።

«ሰውነቴ የራሴ ነው፤ ማን ምን አገባው?» የሚልም አለ። ግማሽ እውነት አለው። በሌላው አካል የመሳለቅ መብት ለማንም አልተሰጠም። ውፍረት ከዘር፣ ከሕመም፣ ከመድኃኒትም ሊመጣ ስለሚችል ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም ብሎ መፍረድ በደል ነው። ነገር ግን «የራሴ ነው» ማለት «ኃላፊው እኔ ነኝ» ማለት እንጂ «እንደፈለግሁ ላበላሸው» ማለት አይደለም። ነገ የምናስተምረው፣ የምናክመው፣ ያሳደጉንንም የምንጦረው በዚሁ አካል ነው።

ታዲያ ልኩ የት ነው? የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ልክ ለሁሉ አንድ አለመሆኑን ሲያስረዳ ሚሎ የተባለውን የትግል ስፖርተኛ ይጠቅሳል። ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ይበዛበታል። ስለዚህ የጓደኛችንን ሳህን ሳይሆን የራሳችንን ረሀብና ጥጋብ እንወቅ። በመጀመሪያ አንድ ሳህን ብቻ እናንሣ፤ ከምስሩ፣ ከባቄላው፣ ከአትክልቱ እንጀምር። ሲጠማን ውሃ እንጠጣ። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለን በእግር እንሂድ፤ በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት እንተኛ። ከሁሉ በላይ ከጓደኛ ጋር እንብላ፤ አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከልካይ ማጣት የነፃነት ፈተና እንጂ ነፃነት አይደለም። እናት በሌለችበት ገበታ «በቃኝ» ማለትን የተለማመደ ሰው፣ ነገ ባለሥልጣን ሆኖ ማንም በማያይበት ክፍል ጉቦ ቢቀርብለት ቃሉ አይጠፋበትም። ይህን ትንሽ ቃል ዛሬ በትንሹ ነገር እንለማመደው።