በቤቱ የሚማር ልጅ ማርክ ሲጐድልበት

ሚዛን እህሉን ይመዝናል እንጂ እህሉን አይጠላም፤ አይወድምም። አንድ ኪሎ ቢጐድል መጉደሉን ብቻ ያሳያል፤ የጐደለውን የሚሞላው ባለቤቱ ነው። ማርክም በባሕርዩ እንደዚሁ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ፥ ይልቁንም ሕፃን፥ ማርክን እንደ ሚዛን ሳይሆን እንደ ፍርድ አድርጎ ይቀበለዋል። «አራት ጥያቄ ሳትሁ» በማለት ፈንታ «እኔ የማልረባ ነኝ» ይላል። ይህ ስሕተት በማንኛውም ተማሪ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በቤቱ በሚማር ልጅ ላይ ግን ይብሳል።

ትምህርት ቤት ሄዶ የሚማር ልጅ በፈተና ቢወድቅ ማታ የሚመለስበት ቤት አለው። መምህሩ ቢቈጣው እናቱ ታባብለዋለች፤ ጓደኞቹ ቢስቁበት ታናናሾቹ ሮጠው ይቀበሉታል። በቤቱ ለሚማር ልጅ ግን ማርክ የሚሰጠው ራት የሚያቀርብለት ሰው ነው። በቀን ቀይ እስክሪብቶ የያዘችው እጅ ማታ ብርድ ልብስ የምታለብሰው እጅ ናት። እንግዲህ እርሱ የወደቀ ዕለት ወዴት ይመለሳል?

ምናልባት «ይህ ነገር ለወላጆች እንጂ ለእኛ ለወጣቶች አይደለም» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ታናናሾችን በቤት የሚያስጠናው ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተዘጉ ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውን ታናሽ እኅቴን እንዳስተምር አባቴ አዘዘኝ። እኔም ሹመት ያገኘሁ መስሎኝ ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። አንድ ቀን ክፍልፋይ መደመርን አስተምሬ ዐሥር ጥያቄ ሰጠኋት፤ ሰባቱን ሳተች። በደብተሯ ራስ ላይ 3/10 ብዬ በትልቁ ጻፍሁና ማታ ራት ላይ ለአባትና ለእናታችን ተናገርሁ። እነርሱ አልተቈጧትም፤ እኔ ግን ፊቴን አጥቍሬ አመሸሁ፤ ላናግራትም አልወደድሁም።

በማግሥቱ ደብተሩ ጠፋ። ከሦስት ቀን በኋላ እናታችን አልጋ ስታነጥፍ ከፍራሽ ሥር አገኘችው። ለምን እንደ ደበቀችው ብጠይቃት፥ «ጋሼ፤ ሦስት ያመጣሁ ዕለት አላናገርኸኝም። ዜሮ ባመጣማ ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ደብተሩን ገልጬ እንደ ገና ተመለከትሁት። ሰባቱ ስሕተት አንድ ስሕተት ነበር። ላዕሉን ከላዕል ጋር፥ ታህቱንም ከታህት ጋር ትደምር ነበር። ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ይሆናሉ ብላ ጽፋለች። ሁለት አምስተኛ ግን ከግማሽ ያንሳል፤ በዚህ ስሌት ከሄድን ግማሽ ዳቦ የያዘ ሰው ሲሶ ቢጨመርለት ዳቦው ይቀንስበታል ማለት ነው። ዳቦ አመጣሁና ከስድስት እኩል ቈረስሁት፤ ግማሹ ሦስት ቍራሽ፥ ሲሶው ሁለት ቍራሽ፥ ሁለቱ ሲደመሩ አምስት ስድስተኛ መሆናቸውን በዐይኗ አየች። ሳቀችና፥ «ታዲያ ይኸን ለምን አስቀድመህ አላሳየኸኝም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ለካ ያ ማርክ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የእኔም የመምህሩ ማርክ ኖሯል!

እንግዲህ ማርክ ምን ያህል እንደ ጐደለ ይናገራል፤ ለምን እንደ ጐደለ ግን አይናገርም። ለምን መጉደሉን የሚያውቀው ከልጁ ጋር ተቀምጦ ደብተሩን የሚመረምር ሰው ብቻ ነው። ይህም በቤት የማስተማር ትልቁ ጥቅም ነበር። ስድሳ ልጅ የያዘ መምህር ለአንዱ ልጅ ዳቦ ሊቈርስ አይችልም፤ ወንድም ግን ይችላል። እኔ ይህን ዕድል ትቼ የመምህሩን ቍጣ ብቻ ወሰድሁ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ልጁ እንዳያዝን ማርክን ፈጽሞ መተው፥ ሁሉንም ጐበዝ ማለት ይሻላል» ይላል። ይህም ፍቅር አይደለም። በቤቱ በከንቱ ሲመሰገን ያደገ ልጅ አንድ ቀን ከማያውቀው ፈታኝ ፊት ይቀመጣል፤ ፈታኙም አያባብለውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ መራራ ነበር፤ ነገር ግን ጕድለቱ በመታወቁ ወደ ማለፊያው የተጠጉት ብዙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ደግሞስ ያላለፉት፥ ከመቶ 96 የሚበልጡት ወጣቶች፥ ሁሉም የማይረቡ ናቸው ብሎ ለመናገር የሚደፍር ማን ነው? ቍጥሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው።

ስለዚህ እውነትን መሸሸግ አንድ ጥፋት ነው፤ በእውነት ላይ ኵርፊያን መጨመር ሌላ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ልጁን ያታልለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጁን ማታለል ያስተምረዋል። እኅቴ ደብተሯን ከፍራሽ ሥር የደበቀችው ማርኩን ፈርታ ሳይሆን የእኔን ዝምታ ፈርታ ነው።

ቅዱስ ያሬድም በአክሱም የተማረው ከሥጋ ዘመዱ፥ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ነበር። ትምህርት አልገባው ባለ ጊዜ አጎቱ ገረፈው፤ እርሱም ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለም አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከላይ ሲደርስ አየ ተብሎ ይተረካል። ይህን ታሪክ ስናነሣ ዘወትር የምናወራው ስለ ትሉ ትዕግሥት ነው። ሁለት ነገር ግን ይዘነጋል። አንደኛው፥ ዱላው ለሽሽት እንጂ ለዕውቀት አልጠቀመውም። ሁለተኛው፥ ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ የተመለሰው ወደዚያው ወደ አጎቱ ነው፤ አጎቱም ተቀበለው። በሩ ተዘግቶ ቢጠብቀው ኖሮ የትሉ ምሳሌ ብቻውን ምን ይረባው ነበር?

እንግዲህ ታናናሾቻችሁን በቤት የምታስተምሩ ወጣቶች ሦስት ነገር አስቡ።

1ኛ፤ ማርክን ወደ ገበታ አታቅርቡ። የትምህርት ሰዓት ሲያበቃ ቀይ እስክሪብቶው ይከደን፤ ከዚያ በኋላ ወንድም ወይም እኅት ብቻ ሁኑ። ልጁ የሚመለስበት ቤት የሚያገኘው በዚህ ብቻ ነው።

2ኛ፤ ስንት እንደ ሳተ ከመቍጠራችሁ በፊት ምን እንደ ሳተ ፈልጉ፤ ካረማችሁትም በኋላ እንደ ገና ፈትኑት። በእኅቴ ደብተር ከ3/10 አጠገብ 9/10 ተጽፏል። የፊተኛውን አልሰረዝነውም፤ መንገዱ ከየት እንደ ተጀመረ ያሳያልና።

3ኛ፤ የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ ይቅርታ ጠይቁ። መምህሩ ስሕተቱን ሲያምን ያየ ልጅ የራሱን ስሕተት ለመደበቅ ምክንያት ያጣል።

ማርክ የጐደለብህ ልጅም ብትሆን ወረቀትህን አትደብቅ። የተደበቀ ወረቀት አይታረምም። ወስደህ ለሚወድህ ሰው አሳየው፤ ቢቈጣም እንኳ «ምኑን እንደ ሳትሁ አሳየኝ» በለው። ይህ ቃል የብዙ ሰው ቍጣ ያበርዳል።

አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይላሉ። ንፍጡ ይጥፋ፥ አይታይ አላሉም፤ መጠረግ አለበት። ነገር ግን ልጁ የሚወደደው ከተጠረገ በኋላ አይደለም፤ እየተወደደ ነው የሚጠረገው።