የቅዱሳንን ስም መያዝ ይጠቅማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እዚህ አትላስ አካባቢ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ወለተ ማርያም!» ብሎ ቢጣራ ስንት እናት፣ ስንት እኅት ዞር የሚሉ ይመስላችኋል? «ገብረ ሚካኤል!» ቢልስ? አንዱን ስም ብዙ ሰው ይዞታል። አንደኛው ገብረ ሚካኤል በኪዳን ገብቶ በቅዳሴ ይወጣል፤ ሌላው ገብረ ሚካኤል የተቀየመውን ወንድሙን በሩ ላይ ሲያየው ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ስማቸው ግን አንድ ነው።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። መልካም። ታዲያ ስምን መልአክ የሚያወጣው ከሆነ አንድ ስም የያዙ ሰዎች መንገዳቸው እንዴት ተለያየ? በቅዱስ ስም መጠራት ለነፍስ ይጠቅማል ወይስ ጌጥ ብቻ ነው? በክፉ ሰው ስም መጠራትስ ይጎዳል? ጥያቄውን ቀላል ነው ብለን አንለፈው። ለልጆቻችን ስም የምናወጣውም፣ ሰውን በስሙ የምንመዝነውም እኛው ነንና።

1. አንድ ስም፣ አምስት ሰው

እስቲ በሀገራችን ታሪክ ደጋግመን የምናገኘውን አንድ ስም እንውሰድ፤ ተክለ ሃይማኖት። ትርጉሙ የሃይማኖት ተክል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቃቸው ጻድቁ አባታችን ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቡልጋ፣ ኢቲሳ በሚባለው ቦታ፣ ከአባታቸው ከጸጋ ዘአብና ከእናታቸው ከእግዚእ ኃረያ ተወለዱ። ልብ በሉ፤ በልጅነታቸው የሚጠሩት ተክለ ሃይማኖት ተብለው አልነበረም፤ ፍሥሐ ጽዮን ይባሉ ነበር። ተክለ ሃይማኖት የተባሉት በኋላ፣ ለወንጌል አገልግሎት ሲጠሩ ነው። ዛሬ ደብረ ሊባኖስ በምንለው በደብረ አስቦ አንዲቱ እግራቸው እስክትሰበር ቆመው እንደጸለዩ፣ ከዚያም በቀረችው በአንዲቱ እግራቸው 7 ዓመት እንደቆሙ ገድላቸው ይነግረናል። ዕረፍታቸውን ነሐሴ 24 ቀን እናከብራለን።

ከእርሳቸው ዕረፍት 400 ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላ ተክለ ሃይማኖት በጎንደር ነገሠ። የታላቁ ኢያሱ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ በ1698 ዓ.ም. ዘውድ ጫነ። በ1699 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኢያሱ በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ፤ የገደሏቸውም የልጃቸው የእናቱ ወንድሞች ናቸው። የታሪክ ሰዎች የአባቱን ደም ከእርሱ ላይ አላነሱለትም። ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ በ1700 ዓ.ም. እርሱም የአባቱ ወዳጆች በነበሩ ሰዎች እጅ ተወግቶ ሞተ። በታሪክ የቀረለት ቅጽል «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» የሚል ነው። ጻድቁ የሃይማኖት ተክል ሲባሉ ፍሬ አፈሩ፤ ይህኛው በዚያው ስም ተጠርቶ የበቀለበትን ግንድ አስቆረጠ።

ሦስተኛው ከ1762 እስከ 1769 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በዘመኑ ኃያል በነበሩት በራስ ሚካኤል ስሑል ፈቃድ ገና በወጣትነታቸው ዙፋን ላይ ተቀመጡ። ከዙፋን ሲወርዱ ግን ወደ ዋልድባ ገቡ፤ ሕይወታቸውም በምናኔ ተፈጸመ።

አራተኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቀድሞ ራስ አዳል ይባሉ ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲያነግሧቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። ኢትዮጵያዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር የተላለቀበት ያ ጦርነት የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን ታሪካቸው በዚያ አልተዘጋም። በ1888 ዓ.ም. ከማረኳቸው ከምኒልክ ጎን ሆነው ዓድዋ ላይ ለሀገራቸው ተሰለፉ። በ1893 ዓ.ም. አረፉ።

አምስተኛው በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቀድሞ አባ መላኩ ይባሉ ነበር፤ በወላይታ በብሕትውናና በስብከት ብዙ ዘመን ኖረዋል። ዘመኑ ለቤተ ክርስቲያን እጅግ ከባድ ነበር። እርሳቸው ግን በመንበሩ ላይ ተቀምጠው የባሕታዊነት ኑሯቸውን አልተዉም፤ ባዶ እግራቸውን ይሄዱ ነበር፤ ምግባቸውም የጾመኛ ምግብ ነበር። በ1980 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ አምስት ሰው አየን። አንዱ ጻድቅ፣ አንዱ በአባት ደም የሚከሰስ፣ አንዱ ከዙፋን ወደ ገዳም የወረደ፣ ወይም የወጣ ብንል ይሻላል፣ አንዱ ወድቆ የተነሣ፣ አንዱ በሹመት ላይ ሆኖ ድኻ የነበረ። ዘሩ አንድ ነው፤ መሬቱ ግን አምስት ነው። ጻድቁም ቢሆኑ ስሙን አከበሩት እንጂ ስሙ እርሳቸውን አላከበራቸውም።

2. ስሙ አልሸጠም

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንምጣ። በእኛ ሀገር ልጁን «ይሁዳ» ብሎ የሚጠራ አባት ማግኘት ይከብዳል። ለምን? ጌታን በ30 ብር የሸጠው በዚያ ስም ይጠራ ስለነበር ነዋ!

ሆኖም ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከል ይሁዳ የሚባሉት ሁለት ነበሩ። አንዱ ሸጠ፤ ሌላው የያዕቆብ የተባለው ይሁዳ እስከ መጨረሻ ጸና። ከሐዲስ ኪዳን መልእክታት አንዱም የይሁዳ መልእክት ነው። ጌታችን በሥጋ የተወለደው ከይሁዳ ነገድ ነው። ነገሥታቶቻችን «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እያሉ በማኅተማቸው ያስቀርጹት የነበረው ይህንኑ ስም ነው። የስሙ ትርጉም ደግሞ ምስጋና ማለት ነው። እንግዲያው ጌታን ስሙ አልሸጠም፤ ሰውዬው ነው የሸጠው።

ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ያደረገውን ደግሞ አስተውሉ። በምዕራፍ 14 ቁጥር 22 ላይ ሌላው ይሁዳ ጌታን ሲጠይቅ ሲጽፍ፣ ይህ የአስቆሮቱ አለመሆኑን ለይቶ ይነግረናል። ለምን ይመስላችኋል? ንጹሑ በሞክሼው ኃጢአት እንዳይጠረጠር ነው። አንዲት ቃል ጨምሮ የወንድሙን ክብር ጠበቀ።

እኛስ? እውነቱን እንነጋገር። ዛሬ የሰው ስም ስንሰማ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? አገሩን እንገምታለን፤ ብሔሩን እንገምታለን፤ ከዚያም የማንን በደል ልናሸክመው እንደምንችል በልባችን እናሰላለን። ቤት ሊከራይ የመጣውን ሰው ስሙን እስኪናገር ድረስ «ግባ፣ እየው» ስንለው ቆይተን፣ ስሙን ስንሰማ «ውይ፣ ለካ ተይዟል» እንላለን። የሥራ ማመልከቻ ላይ ከትምህርቱ በፊት ስሙን አንብበን ወደ ጎን እናስቀምጣለን። ያ ሰው ምን አደረገን? ምንም። በስም የሚመስለው ሌላ ሰው አንድ ቦታ አንድ ነገር አድርጎ ይሆናል። ወንጌላዊው አንዲት ቃል ጨምሮ የለየውን እኛ በአንዲት ቃል እንጨፈልቀዋለን።

ከሥጋ ተከልክለን በሰው ስም ላይ እንዲህ ከጨከንን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጾማችን ምን ላይ ነው ያለው?

3. ታዲያ ስም ከንቱ ነው?

«እንዲህ ከሆነ ስም ምን ያደርጋል? የክርስትና ስም ለምን ይወጣል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ስም ከንቱ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር አብራምን አብርሃም፣ ጌታችንም ስምዖንን ጴጥሮስ ባላሉት ነበር።

የእኛ የክርስትና ስም እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ አመተ፣ ኃይለ፣ ተክለ ይላል፤ ከዚያ የሌላ ስም ይከተላል። ገብረ ብሎ ማቆም የለም፤ የማን ገብር? ወለተ ብሎ ማቆም የለም፤ የማን ልጅ? በሀገራችን ሴት ልጅን እንዲሁ «ማርያም» ብሎ መጥራት አልተለመደም፤ ወለተ ማርያም ትባላለች እንጂ። ስለዚህ ስማችን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንን አይናገርም። የማን እንደሆንን ነው የሚናገረው። ምስጋና ሳይሆን ዐደራ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ሲቀበሉት ገና ምንም አልሠሩም።

ራስ ተፈሪ መኮንን ተብለው ይታወቁ የነበሩት ንጉሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ አዲስ የፈጠሩት ስም አልነበረም፤ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን ነው ያወጡት። ዓለም ሁሉ የጠራቸው በጥምቀት በተቀበሉት ስም ነው። ያ ስም የንጉሥ ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ የቀን ሠራተኛ የሆነ ኃይለ ሥላሴም አለ። በመንበረ እግዚአብሔር ፊት ሁለቱም የሚጠየቁት በአንድ ዐደራ ነው።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። የመክሊቱን ምሳሌ የምንሰማበት ነው። አንዱን መክሊት የተቀበለው አገልጋይ አልሰረቀም፤ አላጠፋም፤ እንደተሰጠው መለሰ። ግን ተፈረደበት! «እኔ ስሜን አላሰደብኩም፤ ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም» የምንል ሁሉ እዚህ ላይ እንፍራ። ስምን ሳያቆሽሹ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ማትረፍ ያስፈልጋል።

ያተረፉትን አንድ አባት እናንሣ። ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ጴጥሮስ ተባሉ። ጴጥሮስ ከባድ ስም ነው። በአንዲት ገረድ ፊት ፈርቶ ሦስት ጊዜ የካደ፣ አልቅሶም የተመለሰ፣ በመጨረሻም ለጌታው የሞተ ሐዋርያ ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ ይተርፉ ነበር። አላሉም። ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተገደሉ። ሐዋርያው ወድቆ የተነሣበትን ፈተና እኒህ አባት ሳይወድቁ አለፉት፤ ከስሙ መጨረሻውን ወረሱ።

4. ጾመኛ የሚለው ስም

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰው ስም ነው። እኛ ሁላችን የምንጋራው ስም ግን ሌላም አለ፤ ክርስቲያን የሚለው ነው። ይህ ስም በመጀመሪያ በአንጾኪያ ለደቀ መዛሙርት ተሰጠ። በእነዚህ ሳምንታት ደግሞ ጾመኛ የሚል ስም ጨምረናል።

በአትላስ በየካፌው የጾም ማኪያቶ አለ፣ የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገርም አይጠፋም። ስማቸው ሁሉ «የጾም» ነው። የሚበላውን አልነቅፍም፤ የታመመም፣ የደከመም አለ። ነገር ግን ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም የንጉሡን እጅ ከደም እንዳላዳነው፣ «የጾም» የሚለው ስምም ምላሳችንን ከሐሜት አያድነውም። በራእይ ምዕራፍ 3 ላይ የሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን የተወቀሰችው የሕያዋን ስም ይዛ ሞታ በመገኘቷ ነው። ስም አልጎደላትም፤ ሕይወት ነው የጎደላት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የክርስትና ስማችንን እንወቅ። ቤተሰብ ለፍትሐት መጥቶ «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» ሲባል እርስ በርሱ የሚተያይበት ጊዜ አለ። አብረን ስንበላ የኖርነውን ሰው ስሙን ሳናውቅ መቅበር እጅግ ያሳዝናል። ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ ተጠያየቁ።

ሁለተኛ፣ ስማችንን የያዘውን ቅዱስ ታሪክ እናንብብ፤ በዚህ ጾም ከምግባሩ አንዲቱን እንኳን እንያዝ።

ሦስተኛ፣ ሞክሼዎቻችንን በጸሎት እናስብ። የሚያሳፍር ሥራ የሠራ ሞክሼ ቢኖረን ወንጌላዊው ካደረገው አንማር ዘንድ አይገባምና ሥራውን ከስሙ እንለይ፤ ለሰውዬውም ንስሐን እንለምንለት።

አራተኛ፣ ስሙን ሰምተን የፈረድንበት ሰው ካለ ጾሙ ሳይፈታ በሩን እንክፈትለት። ቤቱ አልተያዘም እንበለው።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችን በስማችን እንጠራለን። ያን ጊዜ ስንት ሰው በአንድ ስም ይዞር ይሆን? የጠራን ግን ለይቶ ያውቀናል። በስማችን ሳይሆን በሥራችን ምሕረቱን አግኝተን በቀኙ እንድንቆም አምላከ ቅዱሳን ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።
ወለወላዲቱ ድንግል።
ወለመስቀሉ ክቡር።