ያራገፍነውና የሰጠነው

ሰው ምን ያህል ዕቃ እንዳለው የሚያውቀው ቤት ሲለቅ ነው። ተቀምጦ ሲኖር ዕቃው እንደ ግድግዳው ነው፤ አያየውም። የሚለቅበት ቀን ሲቆረጥ ግን አልጋ ሥር የተገፋው፣ ቁም ሣጥን ላይ የተጫነው፣ ጓዳ ጥግ በማዳበሪያ ታስሮ የተረሳው ሁሉ አንድ በአንድ እየወጣ “እኔስ?” ይላል። ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን፣ ጆሮው የተሰበረ ሲኒ፣ በሦስት እግር የቀረ ወንበር፣ ቁልፉ የጠፋ ሻንጣ፣ ካሴት የሚበላ ቴፕ፣ ለዓመታት ያልተከፈተ ዴክ፣ የልጆች የአምስተኛ ክፍል ደብተር። አይሱዙው የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ ሁለተኛ ምልልስ ሌላ ብር ነው። የሚገባበት ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው እንበል። ጓሮ የለ፣ ዕቃ ቤት የለ። ሙቀጫውና ዘነዘናው፣ የውኃ በርሜሉ፣ የሸክላ ምጣዱ የት ይግቡ?

ብዙ ሰው ይህን የጉልበትና የቦታ ጥያቄ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ለእኔ የማይሆነኝን ነገር ምን ባደርገው ነው ትክክል የምሆነው? ለማን ልስጠው? ለመሆኑ “ሰጠሁ” ለማለት የሚያበቃኝ ምን ሲሆን ነው?

በቅድሚያ ለሰብሳቢዎቹ ጥብቅና ልቁም። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያልያዘ ሰው የሚቸገርበት ዘመንም ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ያደገው ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ተይዞ በሚገዛበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዕቃ አንድ ሞት ብቻ አልነበረውም። የተበላሸ ሹራብ ተተርትሮ ሌላ ሹራብ ይሠራ ነበር። አሮጌ ጎማ በርባሶ ይሆናል፤ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ ኩራዝ ያልሆነው የበርበሬ መስፈሪያ ይሆናል፤ ያም ያልሆነው ጤናዳም ይተከልበታል። እናቶቻችን “ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል” ሲሉ ስስት አልነበረም፤ ልምድ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ልጆች የእናታቸውን ጓዳ ከፍተው “ይኼን ሁሉ ኮተት ምን ልታደርጊው ነው?” ብለው ሲስቁ ትንሽ ቢያስቡበት መልካም ነው። ኮተቱ የኖሩበት ዘመን መዝገብ ነው።

ዛሬ ዕቃ ስለ ማቅለል የሚመክሩ መጻሕፍት በዓለም ገበያ ሞልተዋል። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ ዕቃውን በእጅህ ያዘውና ደስታ ይሰጥህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ ትላለች፤ ካልሰጠህ አመስግነህ ሸኘው። ስዊድናዊቷ ማርጋሬታ ማግኑሶን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው መጽሐፍ ሰው ሳይሞት ቤቱን ያጽዳ፤ የዕቃውን ጣጣ ለቀባሪዎቹ አይተውላቸው ባይ ናት። ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው። የመጀመሪያዋ “ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?” ታስብለናለች፤ ሁለተኛዋ “ከእኔ በኋላ ለሚቀሩት ምን ሸክም ይሆንባቸዋል?”። ለእኛ ከተማ ግን አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ከእጄ ሲወጣ በማን እጅ ይገባል? ያ ሰውስ “አልፈልግም” ማለት ይችላል ወይ?

ይህን የምለው አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት የወጣ ዕቃ ጉዞው ረጅም ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት “ቆራሌው!” እያለ የሚያልፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ “ቆርቆሮ ያለው” ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። እሱ ዛሬ ጠርሙሱንም፣ ብረቱንም፣ የሞተውን ሬዲዮም ይገዛል። “ልዋጭ!” የሚሉት ደግሞ አዲስ የፕላስቲክ ሳህንና ጆግ ተሸክመው መጥተው አሮጌ ልብስና ጫማ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመርካቶ ሥራ ነው። ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? በርሜል ተቀዶ፣ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ የሚሆነው፣ ባዶ ጄሪካንና ጠርሙስ ታጥቦ ለገበያ የሚቀርበው እዚያ ነው።

ከቆራሌው ጋር ያለንን ግንኙነት ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ዕቃውን ያገላብጠዋል፣ ያጣጥለዋል፣ “ይኼማ ሞቷል እኮ ማዘር” ይላል፤ እናንተም “ተወው እንግዲያ!” ትላላችሁ፤ ሦስት እርምጃ ይሄድና ይመለሳል። ጭቅጭቅ ነው። ነገር ግን በዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ አንድ ትልቅ ክብር አለ። ሁለታችሁም እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ዕቃው አሮጌ መሆኑን ማንም አይደብቅም። ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም። ክብሩ የሚጎድለው፣ ለነጋዴ “አሮጌ ነው” ያልነውን ለድኻ “ስጦታ ነው” ስንለው ነው።

በቅርቡ በሠፈራችን ቤት የሚለቁ አንዲት ወይዘሮ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ለተመላላሽ ሠራተኛቸው ሲሰጡ አይቻለሁ። ሬዚስታንሱ ከተቃጠለ ከርሟል።

“ውሰጂው፤ አሠርተሽ ትጋግሪበታለሽ” አሏት።

“እሺ እትዬ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለች ጎንበስ ብላ።

ምን ትበል? ሰኞ ተመልሳ የምትመጣው እሳቸው ቤት ነው። ምጣዱን ለታክሲ ረዳት የዕቃ ከፍላ ወሰደችው። የምትኖረው በኪራይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኋላ መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ ምጣዱ ብጠይቃት ሳቀች። ለማሠራት የተጠየቀችው ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ አከራይዋም ምጣድ እንዲሰካ አይፈቅዱም፤ በመጨረሻ ለቆራሌው ሸጠችው። እንግዲህ አስቡት። ያ ምጣድ መድረሻው ቆራሌው ነበር። ቆራሌው ደግሞ በወይዘሮዋም በር ያልፋል። በመካከል የተጨመረው የታክሲው ሒሳብና ምስጋናው ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የከፈለችው ተቀባይዋ ናት።

ወይዘሮዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ስስታምም አይደሉም። እንደ ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ ቀላቀሉ፤ ማራገፍንና መስጠትን። ስናራግፍ የምናስበው ስለ ራሳችን ትከሻ ነው፤ ስንሰጥ የምናስበው ስለ ተቀባዩ ኑሮ ነው። ማራገፍ ነውር የለበትም፤ ቤት የሚለቅ ሰው ማራገፍ አለበት። ነውሩ ለማራገፋችን ምርቃት ስንጠብቅ ነው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን ከብት ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን ሲወቅስ፣ እስቲ ይህንኑ ለገዢያችሁ አቅርቡለት፤ ደስ ይለው እንደሆነ እናያለን በሚል መንፈስ ይጠይቃቸዋል። ቁርዓንም በአል በቀራህ ምዕራፍ፣ እናንተ ራሳችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካልሆነ በቀር የማትቀበሉትን መናኛ ነገር ለምጽዋት አትምረጡ በማለት ያስተምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ መድኃኒት ዕርዳታ መመሪያ ሲያወጣ ከመሠረታዊ መርሆቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ በሰጪው አገር በጥራት ጉድለት ተቀባይነት የሌለው መድኃኒት ለሌላው አገርም ዕርዳታ መሆን የለበትም። ነቢይ፣ ቅዱስ መጽሐፍና የጤና ባለሙያ ባንድ ነገር ሲስማሙ መስማት ጥሩ ነው። መቼም ሌላ አገር ያረጀበትን ሲልክልን “የቆሻሻ መጣያ አደረጉን” ብለን እንቆጣለን። ልክ ነን። ታዲያ በገዛ ግቢያችን በር ላይ ያለው ዘበኛስ?

እዚህ ላይ አንባቢ እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ። “አንተ ሰውዬ፣ የጠገበ ሰው ፍልስፍና አታምጣብን! ብርድ ላይ ለሚያድር ሰው ያረጀ ብርድ ልብስ ከምንም አይሻልም? አንተ ክብሩን ስትጠብቅለት እሱ በብርድ ይሙት?” ከባድ ክርክር ነው፤ ቀልዶ የሚታለፍ አይደለም። የቂሣርያው ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን በሣጥን ተቆልፎ የሚበሰብሰውን ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት አድርጎ ነበር የሚያየው። ስለዚህ “ለድኻ አይመጥንም” እያሉ ዕቃ ቆልፎ ማቆየት ሌላ ኃጢአት ነው። እስማማለሁ።

ግን እኔ አሮጌ ነገር አይሰጥ አላልኩም። አሮጌና የማይረባ አንድ አይደሉም። የዱሮ እናቶች የሟች ልብስ ሲሰጡ አይታችኋል? መጀመሪያ ይታጠባል። የተፈታው ቁልፍ ይተከላል፤ የተተረተረው ይሰፋል። ተጣጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ለነዳያን የሚሰጠው። ልብሱ ያው አሮጌ ልብስ ነው። ስጦታ ያደረገው ያ እጥበትና ያ ስፌት ነው፤ የሰጪው ድካም ገብቶበታል። አሮጌ ጋቢ ታጥቦ ሲሰጥ ስጦታ ነው። ያው ጋቢ የመጫኛ ቀን ከሶፋ ሥር ተጎትቶ፣ ከነአቧራው “እንካ” ሲባል ማራገፍ ነው። በብርድ ለሚያድረው ሰው ሁለቱም ይሞቁት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን ሰው መሆኑንም ይነግረዋል።

ለዚህ ነው ጊዜ የሚያስፈልገው። ዕቃ በችኮላ ሲወጣ ሁሉም ነገር ቆሻሻ ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ የብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ዕቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠቅልሎ ወጥቷል። ለእነሱ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሂድ የሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊሆን አልቻለም፤ ቀኑ ወሰነላቸው። በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ቀጠሮ ቤት የሚቀይር ሰው ግን ይህ ምክንያት የለውም። ምርጫ ያለው ሰው ኃላፊነትም አለበት።

ስለ መጻሕፍትም አንድ ነገር ልበል፤ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የሚያሳስበኝ ነው። ቤት ሲለቀቅ መጻሕፍት በካርቶን ታጭቀው ለአንድ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ትምህርት ቤቱ በፊርማ ይቀበላል፤ ፎቶ ይነሣል። በካርቶኑ ውስጥ ግን ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ፣ ገጹ የተቀደደ መዝገበ ቃላት፣ ሁለተኛው ቅጽ ብቻ የቀረ ልብ ወለድ ይገኛል። ልጅ ተቀምጦ የሚያነበው አሥር መጽሐፍ መርጦ መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው። መቶውን ማጨቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ልዩነቱ ሰዓቱን ማን ያወጣል የሚለው ነው፤ እኛ ካልመረጥን የምትመርጠውና የምትጥለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት።

“እንግዲያስ ለማንም ከማልሰጠው ብጥለው አይሻልም?” ይባል ይሆናል። የእውነት የማይረባው ይጣል፤ ግን መጣልም ሰው አለበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እኛ “ጣልነው” የምንለው ነገር የሚደርስበት ቦታ ሰው የሚኖርበት መሆኑን መላው አገር አየ። ከቆሻሻ ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ እጆች አሉ። በየሠፈሩ ማዳበሪያ ተሸክመው ቆሻሻችንን የሚያነሡ ወጣቶች አሉ። የተሰበረ ብርጭቆ በወረቀት ጠቅልሎ ለብቻው ማስቀመጥ፣ ምላጭና መርፌን ከሌላው ጋር አለመቀላቀል ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ምስጋና የሌለበት መሆኑ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናት መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስት የተሳሰሩ ግዴታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። የሚመልሰው የሌለው ሰው በምን ይመልሳል? በእኛ ዘንድ ጎንበስ በማለት ይመልሳል። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብሎ፣ መርቆ፣ ሳይጠሩት ዕቃ ተሸክሞ ይመልሳል። ስለዚህ ነፃ ያልነው ነገር ለተቀባዩ ነፃ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማውቀው አንድ ቀላል መንገድ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። “ውሰጂው” ጥያቄ አይደለም። “ይኼ ይጠቅምሽ ይሆን? ባይጠቅምሽ ለቆራሌው ልሸጠው አስቤያለሁ” ሲባል ግን ለእምቢታ በር ተከፍቷል። የተበላሸ ከሆነ መበላሸቱን ንገሯት። የሚሠራ ከሆነ ሰክታችሁ አሳዩአት። ከባድ ከሆነ የመጓጓዣውን እናንተ ቻሉ። ካልፈለገች ሽጡትና ብሩን ስጧት፤ ብር ታክሲ ላይ ቦታ አይዝም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለንም ካልን ደግሞ ቢያንስ በስሙ እንጥራው። “እባክሽ አራግፊልኝ” እንበላት፤ የምትከፈለውም የሥራ ዋጋ ነውና እንክፈላት።