ሚዛንና ኅሊና

አንድ ሰው አደጋ ደርሶበት ከአልጋ ውሏል። ዐይኑ ይገለጣል፤ ሲጠሩት ግን አይመልስም፤ እጁን ሲይዙት አይጨብጥም። «ይህ ሰው ይሰማልን? ያስባልን?» የሚለው ጥያቄ ከሐኪሙ አልፎ ቤተሰቡን፣ ከቤተሰቡም አልፎ ኅብረተሰቡን ያስጨንቃል።

ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከፈለገባቸው መንገዶች አንዱ የስኳር ልኬት ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ጉልበት ግን 20 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋና ምግቡም ግሉኮስ ነው። ይህን ለመለካት ግሉኮስን የሚመስልና ጨረር አመንጪ በሆነው ፍሎሪን 18 ምልክት የተደረገበት ውሁድ በደም ሥር ይሰጣል። የአንጎል ሕዋሳት ምግብ መስሏቸው ይቀበሉታል፤ እንደ ግሉኮስ እስከ መጨረሻ ሊፈጩት ስለማይችሉ ግን በውስጣቸው ይከማቻል። ፔት የተባለው መሣሪያም ጨረሩን ከውጭ ተቀብሎ የትኛው የአንጎል ክፍል ብዙ፣ የትኛው ጥቂት እንደ ወሰደ በምስል ያሳያል። ይህ ውሁድ በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1976 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ታዲያ የስኳሩ መጠን የሐሳቡ መጠን ነውን? አይደለም። ሉዊስ ሶኮሎፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በቃሉ ሒሳብ ሲያሰላ መላ አንጎሉ የሚፈጀው ኦክሲጅን ዐርፎ ሳለ ከሚፈጀው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። የማገዶው ብዛት የወጡን ጣዕም አይናገርም።

ይሁን እንጂ ልኬቱ ከንቱ አይደለም። በቤልጅየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በአልጋ አጠገብ ምርመራ ንቃት የላቸውም ከተባሉት ሕሙማን መካከል በ13ቱ አንጎል ውስጥ የንቃት ምልክት በምስል ታየ፤ ከእነዚህም 9ኙ ኋላ ንቃታቸው ተመለሰ። ዝምታቸውን እንደ ባዶነት የቈጠረ ሁሉ ተሳስቶ ነበር።

በዚያው ጥናት ፔት ከ102 ሕሙማን የ75ቱን የኋላ ሁኔታ በትክክል ጠቁሟል፤ የ27ቱን ግን ስቷል። እንግዲህ የሞራሉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ለችኩል ፍርድ ልጓም ሊሆን ይገባዋል እንጂ ራሱ ፍርድ ሊሆን አይገባውም። መሣሪያው ስኳርን ይለካል፤ ለሕመምተኛው የሚገባውን ክብርና እንክብካቤ ግን አይለካም። ምስሉ የደበዘዘበትም ሰው በስሙ ሊጠራ፣ ገላው ሊታጠብ፣ አጠገቡም በአክብሮት ሊወራ ይገባዋል። ይህን የማድረግ ኀላፊነት የመሣሪያው ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ነው።