ያላደረው ወይን

ቃና ዘገሊላ በደረሰ ቁጥር ሰባኪው ስለ ተአምሩ ሲናገር እኔ ስለ ወይኑ ዕድሜ አስባለሁ። ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች ውሃ ተሞሉ፤ ወይን ሆኖ ወዲያው ተቀድቶ ለሠርጉ አሳዳሪ ቀረበ። እሱም ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀመሰና ሙሽራውን ጠርቶ ጥሩውን እስከ መጨረሻ በማቆየቱ ተደነቀ። ያቆየው ግን ማንም አልነበረም። ያ ወይን አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም።

መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ አዲስ ወዳጅን ከአዲስ ወይን ጋር ያመሳስላል፤ ሁለቱም የሚጥሙት ሲከርሙ ነው ባይ ነው። ታዲያ ወይንን የሚያጣፍጠው ጊዜ ነው ወይስ ሰጪው?

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ እሸጣለሁ። በልጅነቴ ዲያቆን ስለነበርኩ ዘቢቡ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ቁርባኑ በሚዘጋጅበት ቤተልሔም ውስጥ ታጥቦ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይጠለላል፤ እንዲፈላ ጊዜ አይሰጠውም። በዚያው ቅዳሴ ጽዋ ውስጥ ገብቶ በዚያው ያልቃል፤ በእኛ ሥርዓት ለነገ የሚያድር ቁርባን የለም። ፈረንጅ ወይኑን ዓመታት በበርሜል ሲያስተኛ ያየ ሰው ይህን ድህነት ሊለው ይችላል። እኔ የማየው ቃናን ነው። ሰጪው እግዚአብሔር ከሆነ ማቆየት ምን ይጨምራል?

የገበታ ወይን ሌላ ነው። ካስቴል የተባለው ኩባንያ ዝዋይ ላይ ያመረተው ወይን በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ከወጣ ወዲህ ልጄ ጠርሙስ እያመጣ «ይቀመጥ፣ ይበስላል» ማለት ለምዷል። የሚበስለው ጥቂቱ ነው። ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣው፣ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን በዓመታት እየተያያዘ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ወይኑም ይለዝባል። ከመነሻው ታኒንና ጎምዛዛነት ያነሰው ግን ሲቆይ ይደክማል። አብዛኛው የዓለም ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በእኛ ሰፈር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቀትር ሙቀት፣ ቆሞ የከረመ ጠርሙስማ ቡሹ ደርቆ አየር ያስገባል፤ ያኔ አቼቶ ጠብቁ። ሰውም እንዲሁ ነው ብል የሰፈሬ ሽማግሌዎች ይቆጡኛል፤ ዕድሜ ግን በውስጣችን የነበረውን ሲያወጣ እንጂ ያልነበረውን ሲያስገባ አላየሁም።

አቀራረቡንም ልንገራችሁ። ጉደር የተባለው ቀይ ወይን ደረቅ ስለሆነ ከዶሮ ወጥ ጋር አላቀርበውም፤ በርበሬው የወይኑን ምሬትና አልኮሉን ያጋንነዋል። ለዶሮ ወጥ ጣፋጩ አክሱሚት ይሻላል፣ ያውም ቀዝቀዝ ብሎ። ጉደር ለጥብስ ወይም ለቁርጥ ነው፤ ሥጋውና ጮማው ያለዝበዋል።

ሲራክን የተረዳሁት በወዳጅ በኩል ነው። ዘቢቡን የምረከበው ከጅምላ ነጋዴ ጎረቤቴ ነው። እሱ አንዋር መስጊድ ይሰግዳል፣ እኔ አጠገቡ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳለሁ። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ለጽዋ የሚሆነውን ዘቢብ በዘይት ካብረቀረቀው ለይቶ የሚያስቀምጥልኝ ግን እሱ ነው። ይህ መተማመን በአንድ ቀን አልመጣም፤ በዱቤ፣ በለቅሶ፣ በሠርግ ስንተያይ ኖረናል። በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጥር 12፣ ቤቴ ሲመጣ ሥጋዬን አይበላም። ድፎ ዳቦ እቆርስለታለሁ፣ ያልፈላ ብርዝ እቀዳለታለሁ።

ስለዚህ ቃናንና ሲራክን አላጣላቸውም። እግዚአብሔር የሚሰጠው በዕለቱ ሙሉ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚሠራው መክረም አለበት።

ለልጅ ሠርግ ብላችሁ ቁም ሣጥን ላይ ጠርሙስ ያቆማችሁ፣ አውርዱትና ክፈቱት። ተበላሽቶም ከሆነ ዛሬ እወቁት። ሠርጉ ሲደርስ አዲስ ይገዛል፤ ለማይጠጣው ጎረቤት ደግሞ ብርዙን እንዳይፈላ በዕለቱ በጥብጡ።