ሞተሩ የተለወጠ መኪና ማንነት

በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ከተሞች ጭነት የሚያመላልስ አሮጌ መኪና ሞተሩ ሲለወጥ፣ ካምቢዮው፣ ማለትም የሞተሩን ዙር በማርሾች አማካይነት ወደ ጎማ የሚያሻግረው ክፍል፣ ወይም ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ዙሩን ከካምቢዮው ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ክፍል፣ አብሮ መስተካከል ይኖርበታል፤ በደቂቃ 4000 ዙር ይደርስ በነበረው ሞተር ፋንታ ከ2800 የማያልፍ ቢገባ፣ የዲፈረንሻሉ የጥርስ ምጣኔ ከ5 ወደ 3.5 ካልወረደ መኪናው ከከፍተኛ ፍጥነቱ 30 በመቶውን ያጣል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ሳንቃዎቿ በየጊዜው ስለተተኩት የቴሴዎስ መርከብ የጻፈው ጥያቄ፣ መርከቧ ያችው ናትን የሚለው፣ ስለ መኪናውም ይነሳል። ፈላስፋው አርስቶትል የነገርን ምንነት ከቁሱ ይልቅ በቅርጹ፣ ማለትም ክፍሎቹን ለአንድ ተግባር በሚያደራጀው ሥርዓት ይፈልገዋል፤ ይህም ይበልጥ ያሳምናል፤ መካኒኩ ጥርስ እየቆጠረ የሚመልሰው የቀድሞውን ብረት ሳይሆን በሞተርና በጎማ መካከል የነበረውን ስምምነት ነውና። ሆኖም ምጣኔው የወረደ መኪና ኩንታሎቹን ተሸክሞ ዳገቱን እንደ ቀድሞው የሚወጣው፣ አዲሱ ሞተር በዚያው ልክ የሚበልጥ የመጠምዘዝ ኃይል ካለው ብቻ ነው።