«ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ»



አንድ ወንድም ከዒሻ ሶላት በኋላ በር ላይ ጠብቆ አናገረኝ። ታላቅ ወንድሙ በግጭት ሌሊት ተገድሎበታል። «ኡስታዝ፣ ገዳዩን አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ነው። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ተዕዚያው ላይ ይኸው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ «ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነበር፣ ማንንም አልለየሁም» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ልጁ ዋሽቷል? አልዋሸም ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ያ የተሸፈነ ፊት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ተገለጠ?

ይህ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ቴፒ በመጋቢት 1994 ደም ፈሶባታል። ጉራፈርዳ በጥቅምት 2013 ልጆቿን ቀብራለች። ከሚዛን እስከ ቴፒ በየቡናው ማሳ መሐል እንዲህ ያለ ሌሊት የሚያስታውስ ሰው አታጡም። ያ ትዝታ ነገ ምስክርነት ይሆናል፤ ምስክርነቱ ደግሞ ወይ ፍትሕ ያመጣል፣ ወይ ሌላ ደም።

የሐዲስ ዑለማዎቻችን ይህን ነገር ቀድመው አስበውበታል። አንድን ዘጋቢ ሲመዝኑ ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠይቁ ነበር፦ ታማኝነቱን (ዐዳላ) እና ይዞ የማቆየት ብቃቱን (ዶብጥ)። ቡና ሸጣችሁ የምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም። የሚመዝነው ሰው አላህን የሚፈራ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ግን ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ይፈተሽ ማለት ሰውየውን ሌባ ማለት አይደለም።

በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት የኩፋው ዐብዱረሕማን አል-መስዑዲ (ታሪክ ጸሐፊው አይደሉም) ታማኝ ዘጋቢ ነበሩ። አንድ ቀን ልጃቸው ሞቶ ሰዎች እያጽናኗቸው ሳለ አንድ ሰው መጥቶ አገልጋያቸው አሥር ሺህ ገንዘባቸውን ይዞ እንደጠፋ ነገራቸው። ደንግጠው ተነሱ፣ ወደ ቤት ገቡ፤ ሲወጡ ግን አእምሯቸው ተደበላልቆ ነበር። ዑለማዎቹ ይህን በመዝገባቸው ጻፉ። ከዚያ በፊት የተሰማውን ከኋላው ለይተው የቀደመውን ተቀበሉ፣ የኋላውን አቆዩት። ግን ውሸታም አላሏቸውም። ሐዘንና ድንጋጤ የሰውን ትውስታ እንደሚያውኩ ያን ጊዜ ያውቁ ነበር።

በእኛ ዘመንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጄኒፈር ቶምፕሰን የተባለች የ22 ዓመት ተማሪ ሌሊት ቤቷ ውስጥ ጥቃት ደረሰባት። በሕይወት ከተረፍኩ አሳስረዋለሁ ብላ የአጥቂውን ፊት ሆን ብላ አጠናችው። ከዚያም ሮናልድ ኮተን የተባለ ሰው ላይ ጣቷን ቀሰረች፤ ምላችም መሰከረች። በ1987 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እውነተኛውን አጥቂ ፍርድ ቤት አቀረቡላት፤ አላወቀችውም። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ወጣ። ሴትዮዋ አልዋሸችም። እርግጠኛ ነበረች፤ ተሳስታም ነበር።

ትውስታ የቪዲዮ ቅጂ አይደለም። በፍርሃት ጊዜ ዓይን ገጀራው ወይም ጠመንጃው ላይ ይተከላል፤ ፊቱ ያልፈዋል። በኋላ ታሪኩን ባወራነው ቁጥር አእምሯችን እንደ አዲስ ይገነባዋል። የሻይ ቤት ወሬ፣ ስልክ ላይ የታየ ፎቶ፣ «እገሌ እኮ ለተዕዚያ አልመጣም» የሚል ጥርጣሬ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከጊዜ በኋላ የሰማነውን ካየነው መለየት ያቅተናል።

ግን ይህን ይዛችሁ ተጎጂን እንዳትወጉበት! ቀኑን ያሳሳተ፣ ቅደም ተከተሉን ያቀላቀለ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር፣ ማለትም ቤቱ መቃጠሉ፣ ወንድም መሞቱ፣ ጸንቶ ይቀራል፤ የሚደበዝዘው ዙሪያው ነው። «ትናንት ሌላ ነበር ያልሽው» ብሎ የተበደለችን እህት ማሸማቀቅ ሁለተኛ በደል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 አላህ ለብድር ገንዘብ እንኳ ጻፉ፣ ምስክርም አቁሙ ብሎ አዞናል። ለገንዘብ ይህ ከታዘዘ የሰው ደም እንዴት ይሁን? ክፉ ነገር ሲደርስ ያያችሁትን ቶሎ ጻፉ፣ ቀኑንም አስፍሩ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለየብቻ አድርጉ። የሰው ስም፣ ይልቁንም የአንድን ብሔር ስም፣ ሳታጣሩ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 ጆሮም ዓይንም ልብም እንደሚጠየቁ ነግሮናል።

ለዚያ ወንድም ያኔ ያለውን አስታወስኩት። «አንተም ከእነሱ ጋር ነህ?» ብሎኝ ሄደ። ሦስት ጁሙዓ መስጂድ አላየሁትም። በአራተኛው መጣና ከሶላት በኋላ «ፖሊስ ጋ ሄጄ ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ ያኔ ያልኩትንም፣ ዛሬ የሚታየኝንም» አለኝ። ጎረቤቱ በዚያ ሌሊት እዚያ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፤ አላህ ያውቃል። ያ ልጅ ግን እያዘነም ለአላህ ብሎ መስክሯል።

ጁሙዓ ነውና በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ። አላህ የሞቱብንን ይዘንላቸው፣ ለተበደሉት ፍትሕ ይስጣቸው፣ እኛንም ባላወቅነው ከመመስከር ይጠብቀን። አሚን።